ቤታችን ሙዚቃ የለም፤ ልጄ እንዴት ትማር?

የጀሞዋ እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሴት ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ኪቦርድ ካልተማርኩ ብላ ስላስቸገረችኝ ቅዳሜ ቅዳሜ አስገባኋት። ሦስት ወር ሆናት። ኖታ ታነባለች፤ ጣቷም ፈጣን ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አስተማሪዋ ጠራኝና «ልጅሽ ምት አትይዝም። ቤት ውስጥ ሙዚቃ ትሰማለች?» አለኝ። ምን ልበለው? ቤታችን ሙዚቃ የለም። ባለቤቴ ማታ ዜና ያያል፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ ዘፈን አትወድም። እኔም ከሥራ ስመለስ የምፈልገው ዝምታ ነው። በዘራችን ዘፋኝም፣ በገና ደርዳሪም የለም። ልጅቷ ደግሞ ይህን ከሰማች ወዲህ ኪቦርዱን አልነካችም። ላስወጣት ወይስ ልግፋበት? የሙዚቃ መምህር እዚህ ካለ ይምከረኝ።

ከቀበና፦
ብሉቱዝ ስፒከር ግዢና ሁሌ ክፈችላት። እየሰማች ትለምደዋለች።

የክራር መምህር፦
እህቴ፣ እንዳታስወጫት። ክራርና ማሲንቆ ሳስተምር 22 ዓመቴ ነው። «ምት አትይዝም» የሚለው ቃል ልጅ ላይ ሲወድቅ ያመኛል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽ ገመድ ትዘላለች? ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች? ገመድ የምትዘል ልጅ ምት አላት። አለበለዚያ ገመዱ እግሯን ይይዛት ነበር።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ችክችካ የሚባለውን ምት መያዝ አቃታት። በስድስት ነው የሚቆጠረው፤ ከባዱ አንድ ላይና አራት ላይ ይወድቃል። «አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት» እያልን ሁለት ሳምንት ታገልን። ቁጥሩን በቃሏ ይዛዋለች፤ እጇ ግን ይቀድማል። አንድ ቀን አርፍዳ መጣች። «ቡና እየወቀጥኩ ነው» አለችኝ። እንዴት እንደምትወቅጪ ጠረጴዛው ላይ አሳዪኝ አልኳት። ዱም፣ ተክ። ዱም፣ ተክ። ዘነዘናው ሲያርፍ ከባድ፣ ሲነሳ የሙቀጫውን ከንፈር ነካ ሲያደርግ ቀላል። መሃላቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ በቁጥር ላስገባላት የደከምኩበት ነገር እጇ ላይ ነበረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቤት ምን ትሠራለህ?» ብዬ ነው።

ሊስትሮው ብሩሹን ሳጥኑ ላይ ኳ ሲያደርግ እግርሽን ትቀይሪያለሽ አይደል? ማንም አላስተማረሽም። ጆሮሽ ያውቀዋል። ቤታችን ሙዚቃ የለም ያልሽው ለዚህ ነው ያልተዋጠልኝ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ያረፉ ጊዜ ወሎ ወረድኩ። አልቃሿ ግጥሙን ከላይ አንስታ፣ ቃሉን እያንጠለጠለች ወደ ታች ታወርደዋለች። ሰዉ እታች ይቀበላታል። እኔ እያለቀስኩ ጆሮዬ ድምፆቹን ይለይ ነበር። በዚያች ሰዓት ነውር መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ተማሪዎቼን «ሐረጉን መሃል ላይ አትቁረጡት፣ እስኪያርፍ ጠብቁት» የምላቸው እሷ ስታደርገው የነበረውን ነው። ጌታቸው መኩሪያንም አስቢው። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያወጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ሰው ደረቱን ነፍቶ ሲፎክር ሰምቶ ነው እንጂ ከኖታ አላገኘውም።

የቀበናው ወንድሜ ያለው ክፋት የለውም። ሁሌ የተከፈተ ስፒከር ግን ጆሮ ይዘነጋዋል። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ለአንድ ሳምንት ኪቦርዱ ይቀመጥ። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ አብራችሁ ተቀመጡና ከቤትና ከደጅ የሰማችሁትን ተነጋገሩ። የቱ ይደጋገማል? የቱ ቀጭን ነው? የቱ ወፍራም ነው? የምትወደውን መርጣ በእጇ ጠረጴዛ ላይ ትምታው። አታርሚያት።

የድሮው ረዳት፦
መምህር የተናገሩት እውነት ነው። እኔ ከሜክሲኮ መገናኛ ታክሲ ላይ ረዳት ነበርኩ። አምስት ታክሲ ተሰልፎ ሁላችንም በአንድ ድምፅ ከጮህን ማንም አይሰማም። አጠገቤ ያለው ልጅ ድምፁ ወፍራም ከሆነ እኔ አቅጥኜ ነው የምጠራው። እሱ ትንፋሽ ሲወስድ እኔ እገባለሁ። «መገናኛ መገናኛ መገናናናኛ!» መጨረሻውን መጎተት አለብህ፤ ሰው ዞር የሚለው እዚያ ላይ ነው። ሙዚቃ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ግን ዘማሪ ነኝ፤ ከሰው ድምፅ ጋር መግባትና መውጣት ብዙም ያልከበደኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
መምህር፣ እኔም ልጠይቅዎት። ልጄ 12 ዓመቱ ነው። አምስት ዓመት ፒያኖ ተምሯል። እናቴ ከደሴ መጥታ አብራን ከርማለች። ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉራለች። ልጁ አንድ ቀን «አያቴ ዜማውን ትስታለች» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ባለበት ድምፅዋን አታሰማም። በጣም ከፋኝ። እንዴት ላስረዳው?

የክራር መምህር፦
ወንድሜ፣ እናትህ አልሳቱም። ልጅህም ክፉ አልተናገረም፤ በሚያውቀው ነው የለካቸው። እሱ የለመደው በሰባት ድምፅ ነው። የኛ አራቱ ዋና ቅኝቶች ግን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲና አምባሰል የእናትህ አገር የቦታ ስሞች መሆናቸውን ንገረው። ባቲ የሰኞ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት።

ከዚያ ፒያኖው ላይ አስቀምጠው። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይንካና ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ይሂድ። ያ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ነው። ከነጩ ዶ ቢነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ማለት ነው። አሁን ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በግራ አጠገባቸው ወዳሉት ቁልፎች፣ ዝቅ ያድርግ። ትዝታ ማይነር መጣ። ክራር ላይም እንደዚሁ ነው፤ እነዚያን ክሮች እናላላለን፣ ሌላው ባለበት ይቀራል።

ሁሉም ነገር ግን ፒያኖ ላይ አይገኝም። የፒያኖ ድምፅ ተለክቶ ተቆርጦ የተቀመጠ ነው። ማሲንቆ አንድ የጭራ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ጣት በሁለት ድምፅ መሃል እየተንሸራተተ ያልፋል። የሰው ጉሮሮም እንደዚያው ነው። ልጅህ «ሳተች» ያለው ያንን መሃል ነው።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖም አሰማው። ኢየሩሳሌም ገዳም የኖሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉት። ፒያኖው ያው የሱ ዓይነት ፒያኖ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ አያቱን ራሱ ይጥራቸውና እንዲያንጎራጉሩለት ይለምናቸው። አንተ አትለምንለት።

የጀሞዋ እናት፦
መምህር፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ። ማታ ማታ እየተቀመጥን እንዳሉት አደረግን። መጀመሪያ ቀን ልጄ የመረጠችው የሊፍቱን ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው ቀን ጎረቤት ሽንኩርት ሲከተፍ። በሦስተኛው ቀን «እማዬ፣ አያቴም እኮ አላት» አለችኝ።

እናቴ ዘፈን አትወድም ብዬ ነበር። ጥጥ ስትፈትል ከንፈሯን ገጥማ ታንጎራጉራለች። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ኖሬ ልብ አላልኩትም። ምንድነው ስላት «ዘፈን አይደለም፤ የወፍጮ ነው» አለችኝ። ልጅ ሆና ሌሊት እየተነሱ ከእናቷ ጋር በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ የሚሉት ነው። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀበላለች። እናቷ ካረፈች በኋላ ጮክ ብላ ብላው አታውቅም። ይህን ስትነግረኝ እንባዬ መጣ።

ልጄ ወዲያው ኪቦርዱን ከፈተች። ለሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድም የጻፉትን አንብቤላት ስለነበር ጥቁሮቹ ላይ ሞከረችው። ሁለት ድምፅ አልገጠመም። ብትናደድም አልተወችውም። አያቷ እንዝርቱን ስታሾር እሷ በጣቷ ትከተላታለች። ምቷን አላጣችም፤ ቢያንስ ለኔ ጆሮ። ያልገጠሙት ሁለቱ ምን ይሆኑ?

የክራር መምህር፦
እህቴ፣ ደስ አሰኘሽኝ። ሁለቱ የትኞቹ እንደሚሆኑ ገምቻለሁ፤ ለወንድማችን ከጻፍኩት ውስጥ አለ። ግን አትንገሪያት። ከጥቁሩ አጠገብ ወዳለው ነጭ ጣቷ ራሱ ይወርዳል። ምናልባት ዛሬ፣ ምናልባት በሳምንቱ።

አንቺ የሚያስፈልግሽ ሌላ ሥራ ነው። እናትሽን አስፈቅደሽ በስልክ ቅጂያቸው። ግጥሙንም የሚያስታውሱትን ያህል ይበሉት። የድንጋይ ወፍጮ ላይ ያደጉ እናቶች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ስልኩን ከእጃቸው አታርቂው፤ እንዝርቱም አብሮ ይሰማ።