ክርክር፦ ደመወዙ ዓመት ሙሉ ያልተነቃነቀ ሠራተኛ በምን ይቆጠር?

አወያይ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 55 የዝቅተኛ ደመወዝን ጉዳይ የሚይዝ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ቦርድ ሊያየው ከሚገባው ቁጥር አንዱ፣ የአምናውና የዘንድሮው ደመወዙ አንድ የሆነው ሠራተኛ ከመቶ ስንት እንደሆነ ነው። ከቦሌ ለሚ እስከ ቂሊንጦ፣ ከገላን እስከ ዱከም ባሉት ፋብሪካዎች ይህን ስንለካ የምንይዘው መሠረታዊ ደመወዙን ነው ወይስ ሠራተኛው እጅ የሚገባውን? የሚከራከሩት ከገላን የደመወዝ ክፍያ (ፔሮል) ሠራተኛ፣ ከቦሌ ለሚ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ከቂሊንጦ የሠራተኛ ማኅበር፣ ከአቃቂ የመረጃ ባለሙያ ናቸው።

ፔሮል ገላን፦ እጅ የሚገባው ይቅርባችሁ። በ2017 የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ያልተጣራው፣ ማለትም ግብር ሳይቆረጥ ያለው፣ ደመወዙ 3,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ቀድሞ 307.50 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን የሚቆረጥበት 150 ነው። አሠሪው አምስት ሳንቲም ሳይጨምር እጁ የሚገባው በ157.50 ብር ከፍ አለ ማለት ነው። በተጣራው ከለካችሁ ደመወዙ ያልተነካው ሰው ሁሉ ጭማሪ እንዳገኘ ይቆጠራል።

የሰው ኃይል ቦሌ ለሚ፦ በግብሩ እስማማለሁ። መሠረታዊውን ብቻ መያዝ ግን ልክ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጭማሪው የሚመጣው በአበል ነው፤ የትራንስፖርት፣ የምሳ፣ ወሩን ሳይቀር ለሠራ የሚሰጥ ቦነስ። መሠረታዊው 3,000 ላይ ቢቆምም 500 ብር አበል የተጨመረለትን ሰው «ምንም አላገኘም» ብሎ መመዝገብ ሐሰት ነው።

ማኅበር ቂሊንጦ፦ ወንድሜ፣ አበሉ ለምን እንደሚመረጥ አብረን እናስላው። መሠረታዊው 3,000 ሲሆን በወር 208 ሰዓት ይካፈላል፤ የሰዓቱ 14.42 ብር ነው። የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ሲባዛ 21.63 ይሆናል። 500 ብሩ መሠረታዊው ላይ ቢገባ ኖሮ የትርፍ ሰዓቱ 25.24 ይደርስ ነበር። አሠሪውም በዚያው 500 ብር ላይ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ 55 ብር፣ ይከፍል ነበር። የዓመት ፈቃዱም፣ የስንብት ክፍያውም የሚሰላው ከደመወዙ ነው፤ አዋጁ ደግሞ በአንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓትን፣ የትራንስፖርት አበልንና ቦነስን ከደመወዝ ትርጉም አውጥቷቸዋል። ቦነሱማ አንድ ቀን ልጅ ታሞበት የቀረ ሰው ሙሉ በሙሉ ያጣዋል። ሊነሳ የሚችለውን ገንዘብ ከማይነሳው ጋር ደምሮ «ደመወዝ አደገ» ማለት በሠራተኛው ላይ ግፍ ነው።

መረጃ አቃቂ፦ ሁለቱን በሁለት ዓምድ ለያይታችሁ ያዙ፤ ዋናው ቁጥር ግን ከመሠረታዊው ይውጣ። የበለጠ የሚያሳስበኝ ምንጩ ነው። በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮው ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ይህን ድርሻ የሚያሰላው ከቤተሰብ ጥናት ነው፤ አንድ ቤት አራት ወር ይጠየቃል፣ ስምንት ወር ያርፋል፣ ደግሞ አራት ወር ይጠየቃል፣ ደመወዙም በ12 ወር ልዩነት ሁለቴ ይመዘገባል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሰው ደመወዙን ሲናገር ማጠጋጋቱ ነው። ከ3,120 ወደ 3,240 ያደገለት ሰው ሁለቱንም ዓመት «ሦስት ሺህ» ካለ፣ ያልነበረ ዜሮ፣ ማለትም ለውጥ የሌለው ደመወዝ፣ ይፈጠራል። አምና ያልተጣራውን፣ ዘንድሮ የተጣራውን ከተናገረ ደግሞ ያልነበረ ቅነሳ ይመጣል። እዚያው አሜሪካ በድርጅቶች ፔሮል ላይ የተሠራ ጥናት በአንድ ዓመት መሠረታዊ ክፍያው ያልተለወጠው ሠራተኛ አንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሆነ፣ የተቀነሰበት ግን 2 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ አግኝቷል። በቤተሰብ ጥናት ግን፣ ማጠጋጋት ዜሮ ቢፈጥርም፣ ሌላው የአነጋገር ስህተት ሲደመርበት ዜሮው ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ቅነሳው ይበዛል።

ስለዚህ ለእኛ የሚሻለው አሠሪው በየወሩ የሚያቀርበው የጡረታ መዋጮ ዝርዝር ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው መሠረታዊ ደመወዝ እዚያ አለ። ጥቅምትን ከጥቅምት አስተያዩ። ጭማሪ በሐምሌ የሚሰጥበት ድርጅት ቢዘገይ እንኳ እስከዚያ ይደርሳል፤ በሐምሌ ብትለኩ የዘገየው ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ሰውን በስም አታገናኙ። ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሀይ ተብላ የተጻፈች አንዲት ሴት ሦስት ሰው ትሆናለች። በጡረታ መለያ ቁጥር አገናኙ፤ በሁለቱም ወር በዚያው ድርጅት ያለውን ብቻ ያዙ። ልዩነቱ በትክክል ዜሮ የሆነውን ቆጥራችሁ ለተገናኙት አካፍሉ። ለቀን ሠራተኛ የቀን ተመኑን ውሰዱ፤ የወሩን ክፍያ በሠራበት ቀን ካካፈላችሁ አንድ ቀን በስህተት ቢመዘገብ ደመወዙ የተቀየረ ይመስላል።

የሰው ኃይል ቦሌ ለሚ፦ እንግዲያው የሚቀረው የቆየው ሠራተኛ ብቻ ነው። በልብስ ስፌት መስመር ላይ ሠራተኛ በፍጥነት ይቀያየራል፤ በጥቅምት የነበረችው ኦፕሬተር በሚቀጥለው ጥቅምት ላትኖር ትችላለች። ቁጥሩ የማንን ኑሮ ይናገራል?

መረጃ አቃቂ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ ሁለተኛ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ለዚያው መደብ አዲስ ገቢ የሚቀጠርበት መነሻ ደመወዝ። የቆዩት ጭማሪ አግኝተው መነሻው ሳይነቃነቅ ከቀረ፣ ፋብሪካው የቆየውን በአዲስ እየተካ ጠቅላላ ወጪውን ባለበት ያቆያል። የቆዩትን ብቻ ያየ ሰው ይህ አይታየውም። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተያያዙ ሪፖርቱን አታውጡት።

ማኅበር ቂሊንጦ፦ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ የአሜሪካን ትርጉም እንዳለ አታምጡት። ዋጋ በዓመት 2 በመቶ በሚጨምርበት አገር ዜሮ ማለት አሠሪው ደመወዝ መቀነስ አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል። እዚህ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። የዘይትና የቤት ኪራይ ዋጋ ሲወጣ ባለበት የቆመ ደመወዝ ራሱ ቅነሳ ነው። ከዜሮው ጎን የዓመቱ የዋጋ ግሽበት ይጻፍ፤ ከግሽበቱ በታች የተጨመረለትም ለብቻው ይቆጠር።

ፔሮል ገላን፦ በዚህ ሁላችንም የተግባባን ይመስለኛል። የቀረው የኤጀንሲ ሠራተኛ ነው። ጥበቃና ጽዳት በኤጀንሲ ሲቀጠሩ የጡረታ ዝርዝሩ የሚመጣው በኤጀንሲው ስም ነው፤ ፋብሪካው ለኤጀንሲው የሚከፍለው ቢያድግም ለሠራተኛው ላይደርስ ይችላል። እነሱን በኤጀንሲው ዝርዝር ውስጥ ፈልጓቸው፤ ለየብቻም መድቧቸው። ጡረታ ሳይመዘገብለት የሚሠራውን የቀን ሠራተኛ ግን ይህ መዝገብ ጨርሶ አያሳየውም፤ ለእሱ በር ላይ ቆሞ የቀን ተመኑን ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም።