አስቸኳይ፦ ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት የድሮ ቤት እንግዛ ወይስ እንተው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ናችሁ? ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ላይ ኦፈራችን (ለቤቱ ያቀረብነው ዋጋ) ተቀባይነት አገኘ። በፈረንጅ 1948 የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ኢንስፔክሽኑ (የቤቱ ምርመራ) ሐሙስ ነው። ዛሬ ደግመን ስናየው ቤዝመንቱ ሸተተን። ግድግዳው ከታች በኩል ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። አንዱ ጥግ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። ኤጀንቱ «የድሮ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው» ይላል። እናቴን የማሳርፈው እዚያ ነው። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የሜሪላንድ ልጅ፦
ዲሂሚዲፋየር (የአየሩን እርጥበት የሚያደርቅ ማሽን) ግዢ። እኛ ቤት ሽታውን አጥፍቶታል።

ግንበኛው፦
እህቴ፣ ዱቄቱ ጨው ሳይሆን አይቀርም። ውሃ በብሎኬቱ ውስጥ አልፎ ሲደርቅ ጨዉን ትቶት ይሄዳል። ውሃ ጠብ አድርጊበት፤ ከሟሟ ጨው ነው፣ ሻጋታ አይሟሟም። ጨው ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ውሃ አልፏል ማለት ነው። ከታች ብቻ የተቀባው ቀለም ደግሞ ጥያቄ ያስነሳል። የውሃ ማሞቂያውን እግር እዪ፣ ዝጎ እንደሆነ። ካርፔት ካለ ጥጉ ተገልጦ ከሥሩ ያሉት ሚስማሮች ዝገው እንደሆነ ይታይልሽ። ስንጥቅ ካለ አቅጣጫውን ለዪ። ቀጭን ቁም ስንጥቅ የተለመደ ነው። አግድም ሆኖ ግድግዳው ወደ ውስጥ ከጎበጠ ግን አፈሩ እየገፋው ነው፤ የስትራክቸር ኢንጂነር ሳያየው እንዳትፈርሚ።

ከዚያ ወደ ደጅ ውጪ። ብዙ ጊዜ የቤዝመንት ውሃ የሚመጣው ከጣራ ነው። የአሸንዳው መውረጃ ግድግዳው ሥር ከፈሰሰ ወዴት ይሄዳል? አፈሩም ከቤቱ እየራቀ ቁልቁል መውረድ አለበት፤ በመጀመሪያው 10 ጫማ ውስጥ 6 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት።

እትዬ፦
የኔ ልጅ፣ እናትን ለምን ቤዝመንት? ፎቁ ላይ ፀሐይ አለ። ለመኝታ ከሆነ ደግሞ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልጋል። የሬዶኑንም (ከአፈር የሚወጣ፣ የማይታይና የማይሸት ጎጂ ጋዝ ነው) ምርመራ ውጤት ጠይቂ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነጠላ ቤት ሲሸጥ ምርመራው ግዴታ ነው። ቁጥሩ 4 ፒኮኩሪ በሊትር (pCi/L) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማስተካከያ ይፈልጋል።

ጠያቂዋ፦
እትዬ፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትችልም። ቤዝመንቱ በጓሮ በኩል በር አለው፣ ደረጃ የለውም።

ሹፌሩ፦
ኤጀንቱን አንድ ዝናባማ ሌሊት እዚያ አሳድሪው፤ ጠዋት እውነቱን ይነግርሻል 😂

ከቀልዱ ውጪ፣ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዙሪያውን በቴፕ ለጥፊና አንድ ሁለት ቀን ተዪው። ከላስቲኩ ሥር ከረጠበ እርጥበቱ ከወለሉ ነው። ከላይ ከረጠበ ከክፍሉ አየር ነው። ቤቱ ገና ያንቺ አይደለምና በኤጀንትሽ በኩል ሻጩን አስፈቅጂ። የጓሮ በር ካለ ደግሞ በሩ ፊት ያለውን የውሃ መውረጃ እዪው። ቅጠል ከደፈነው ውሃው በበሩ ሥር ይገባል።

የሜሪላንድ ልጅ፦
ደግሜ እላለሁ፣ ጥሩ ዲሂሚዲፋየር ይበቃል።

ግንበኛው፦
ወንድሜ፣ እሱ አየሩን ነው የሚያደርቀው። የሚገባውን ውሃ አያቆምም። ሽታው ጠፍቶ ግድግዳው ሊረጥብ ይችላል።

ወረቀት አንባቢዋ፦
ሻጩ የፈረመው ዲስክሎዠር ነው (የሚያውቀውን ጉድለት የሚዘረዝርበት) ወይስ ዲስክሌመር (ቤቱን እንዳለ ነው የምሸጠው፣ ዋስትና አልሰጥም የሚልበት)? ሜሪላንድ ሁለቱንም ትፈቅዳለች። ዲስክሌመር ቢሆንም በዓይን የማይታይና ለጤና ወይም ለደህንነት የሚያሰጋ ጉድለት ካወቀ መናገር አለበት። ውሃ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁት። ኢንሹራንስም እዪ፤ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የፍሳሽ ውሃ በቱቦው ተመልሶ ቤት ሲገባ የሚሸፍነውም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው የሚጨመረው።

ጠያቂዋ፦
ዲስክሌመር ነው። አሁን ፎቶዎቹን ሳያቸው አሸንዳው የሚወርደው ልክ ዱቄቱ ያለበት ጥግ ላይ ነው!

ግንበኛው፦
ጥሩ ምልክት ነው፤ ይሄ በትንሽ ገንዘብ የሚስተካከል ሊሆን ይችላል። ግን ኢንስፔክተሩ ያረጋግጥ። የእርጥበት መለኪያ ይዞ ይምጣ በይው፣ ያንን ጥግ ከሌላው ግድግዳ ጋር ያወዳድርልሽ።

አዲስ ገዢ፦
ከሐሙስ በኋላ ኢንስፔክተሩ ምን እንዳላችሁ ጻፊልን። እኔም ታኮማ ፓርክ ላይ እንዲሁ ያለ ቤት እያየሁ ነው።