ገና እጅ ያልገባ ገቢ በፍቺ ክርክር ይገለጻል ወይ?

ጥያቄ (ከእንጅባራ)
የፍቺው ውሳኔ ተሰጥቶ አሁን በንብረት ክፍፍሉ ላይ እየተከራከርን ነው። ባለቤቴ የነበረው ሰው ለፍርድ ቤት ባቀረበው ዝርዝር ቤቱንና ከብቶቹን ብቻ ጠቅሶ፣ አብረን የተከልነውን 3 ዓመት የሞላው ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከል ዛፍ) እና በየሳምንቱ ስንጥልበት ቆይተን ዕጣው ያልደረሰንን እቁብ «እጄ ያልገባ ነገር ንብረት አይባልም» ብሎ ትቷቸዋል። ዲከረንሱ ያለበት መሬት ከአባቱ የወረሰው ነው። በቅርቡም ደመወዙ የተሻለ ሥራ ሊጀምር ነው። ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው። እነዚህን እንዲገልጽ ማስገደድ ይቻላል?

መልስ 1 (ከደብረ ማርቆስ)
እህቴ፣ ሦስቱን ለየብቻ ይመልከቷቸው። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ተጋቢዎች በትዳር ዘመናቸው በጥረታቸው የሚያገኙት ብቻ ሳይሆን ከግል ንብረታቸው የሚገኘው ገቢም የጋራ ነው፤ ስለዚህ መሬቱን ከአባቱ መውረሱ በላዩ አብራችሁ ያለማችሁትን ዛፍ የብቻው አያደርገውም። የከሰል ነጋዴ በቁሙ ገምቶ የሚገዛውን ዛፍ ንብረት አይደለም ማለትም አያስኬድም። ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ እንዲገምተው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ከሁሉ በፊት ግን እንዳይቆረጥና እንዳይሸጥ እግድ ይጠይቁ፣ ከሰል ሆኖ ከተጫነ በኋላ መከራከር እጅግ አድካሚ ነውና። በእቁቡም እስከ ፍቺው ድረስ የተጣለው ገንዘብ የሁለታችሁ ነው፤ የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ መዝገቡን ይዘው እንዲቀርቡ በምስክርነት ይቁጠሯቸው።

መልስ 2 (ከቡሬ)
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ከፍቺ በኋላ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ግን የራሱ ስለሆነ በክፍፍሉ ውስጥ አያስገቡት፤ ቦታው የልጆቹ ቀለብ ነው። ቀለብ የሚወሰነው በልጆቹ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ስለሆነ፣ አዲሱ መሥሪያ ቤት የደመወዙን መጠን በደብዳቤ እንዲገልጽ ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ። ሥራውን የጀመረው ከውሳኔው በኋላ ቢሆን እንኳ መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት ይችላሉ፤ ብዙ እናቶች ይህን ሳያውቁ በመጀመሪያው ውሳኔ ሲቸገሩ ማየት ያሳዝነኛል።

መልስ 3 (ከሞጣ)
እርስዎም በስምዎ የሚጥሉት እቁብ ወይም በዱቤ የሰጡት ዕቃ ካለ አስቀድመው ያስመዝግቡ። ዕጣው ወጥቶ ለቤት የዋለ እቁብ ካለ ደግሞ ቀሪው መዋጮ የጋራ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ወላጆችዎ በሕይወት እያሉ ወደፊት የሚጠብቁትን ውርስ ግን ማንም በዝርዝሩ ያስገቡ ሊልዎት አይችልም።