የማከራየው ቤት የቆየ ነው፤ የሊድ ቀለም ሕጉ እኔንም ይመለከታል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ በ1952 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለኝ። ላይኛውን እኖርበታለሁ፣ ታችኛውን አከራይቻለሁ። ተከራዮቹ የሁለት ዓመት ልጅ አለቻቸው። የታችኛውን መስኮቶች ቀይሬ ግድግዳውን ፍቄ ልቀባ ነው። ጓደኛዬ ግን «ቀለሙ ሊድ (እርሳስ) ሊኖረው ስለሚችል ሰርተፊኬት ያስፈልግሃል» አለኝ። በገዛ ቤቴ?

ግንበኛው፦ ጓደኛህ ልክ ነው። ሊድ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) የእድሳት ሕግ ይሠራል። የምትኖርበትን ራስህ ብታድስ ሕጉ አይነካህም። ያከራየኸው ግን ሌላ ነው፤ በራስህ እጅ ብትሠራውም ሰርተፊኬት ይጠይቃል። በአንድ ክፍል ከ6 ስኩዌር ፊት የማይበልጥ ጥገና ነፃ ነው፤ መስኮት መቀየር ግን በዚህ ውስጥ አይገባም።

አሮጌ ቤት ወዳጅ፦ ምን አስጨነቀህ? ሳትፍቅ ላዩ ላይ ቀባበት።

ግንበኛው፦ ያልተላጠ ግድግዳ ከሆነ እሺ። መስኮቱንስ ምን ሊያደርገው ነው? ሲከፈትና ሲዘጋ እየተፋቀ አቧራ የሚያወጣው እሱ ነው።

ነርሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ልጅቷ ናት። በዚህ ዕድሜ መሬት የነካ እጅ ሁሉ አፍ ይገባል። ሊድ አንጎል ይጎዳል፣ ለልጅ ደህና የሚባል መጠንም የለውም። ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ ወላጆቿ ሐኪሟን የደም ምርመራ ይጠይቁ። ሥራው እስኪያልቅ ወደዚያ ክፍል አትግባ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ሰርተፊኬቱ ከባድ ነው? በማሽን መፋቅስ ይቻላል?

ግንበኛው፦ ኮርሱ የ8 ሰዓት ነው፤ በተጨማሪ እንደ ድርጅት ትመዘገባለህ። ካልሆነ ሰርተፊኬት ያለው ኮንትራክተር ቅጠር፤ ወረቀቱን ሳታይ እንዳትስማማ። ሄፓ (በጣም ደቃቅ አቧራ የሚይዝ) ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም ያልተገጠመለት መፋቂያ ማሽን ክልክል ነው። ቀለም በእሳት ማቃጠልም እንደዚያው። እያረጠብክ ፋቅ። ወለሉን ከምትሠራበት ቦታ 6 ፊት አሳልፈህ በፕላስቲክ ሸፍን፣ የአየር ማስገቢያዎቹንም ድፈን። በተራ መጥረጊያ ብትጠርግ አቧራውን መበተን ነው።

አከራይ ነኝ፦ ከሥራው በፊት ለተከራዮቹ የኢፒኤን የሊድ መረጃ ቡክሌት ስጥና አስፈርማቸው። ሰነዱን 3 ዓመት አቆየው። እኔ ግን መጀመሪያ ሰርተፊኬት ያለው ኢንስፔክተር አስመረመርኩ። የሚነካው ቀለም ሊድ ከሌለው ይህ ሁሉ ይቀርልሃል። የስቴትህንም ሕግ እይ፤ አንዳንዱ ከፌዴራሉ የጠበቀ ነው።