«የሚበሰብስ ኬሚካል» ያሉን ነገር

የአቃቂ ልጅ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንዱ ባለሙያ «በአቃቂ ወንዝ የሚለማውን የአትክልት መሬት በሚበሰብስ ኬሚካል አጥበን እንደ እርሳስ ካለ ከባድ ብረት እናጸዳዋለን» ሲል የሰማ አለ? መሬቱ ጋቢ ነው እንዴ? ቆዳ ፋብሪካው ቆሻሻውን ከላይ ይልቀቅ፣ እኛ ከታች እንጠብ!

ኬሚስቷ፦ ሰውየው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። ኢዲዲኤስ የሚባል ነገር አለ። ብረቱን እንደ ጉጠት ቆንጥጦ ከአፈር ያላቅቀዋል፣ ከውሃው ጋር ይወጣል። ለዚሁ ሥራ የሚውለው የድሮው ኬሚካል ኢዲቲኤ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ይሄን ግን በሳምንታት ውስጥ ባክቴሪያ ይበላዋል።

መረሬ፦ እሺ ኬሚካሉን ባክቴሪያ በላው። እርሳሱንስ ማን ይበላዋል?

ኬሚስቷ፦ የሚበሰብሰው ኬሚካሉ ነው። እርሳስ ይበሰብሳል ያለ የለም።

መረሬ፦ እሱን ነው የምልሽ! የአድማጩ ጆሮ ላይ የቀረው «የሚበሰብስ» ብቻ ነው። እርሳሱንማ ጎመን ይበላዋል፣ ጎመኑን ደግሞ እኔና አንቺ።

ኬሚስቷ፦ ቀልደህ ሞተሃል፣ ግን እውነት አለው። የእኛው ጎመን ዘር ብረት ስለሚስብ፣ ተዘርቶ፣ ታጭዶ እንዲወገድ በጥናት ተሞክሯል።

እትዬ ቄራ፦ ታጭዶ የት ነው የሚወገደው? አትክልት ተራ? እኔ ቆስጣዬን በኮምጣጤ ነው የማጥበው።

የአቃቂ ልጅ፦ እትዬ፣ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ኮምጣጤ አያወጣውም።

እትዬ ቄራ፦ ሃያ ዓመት በልቻለሁ፣ ምን ሆንኩ?

መረሬ፦ ወደ አፈሩ እንመለስ። የአቃቂ መሬት እንደ ስሜ መረሬ ነው፣ ጥቁር ሸክላ አፈር። በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ብረት የያዘው ውሃ በዚያ ስንጥቅ ቁልቁል ቢሄድስ? አዲስ አበባ ከምትጠጣው እኮ ከፊሉ ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው።

ኬሚስቷ፦ ለዚያ ነው ተቆፍሮ በገንዳ የሚታጠበው። እዚያው ማሳው ላይ ይረጭ አላልኩም።

የአቃቂ ልጅ፦ ስንት ገልባጭ አፈር ልትጭኚ ነው? አፈሩ ታጥቦ እስኪመለስ አባቴ ምን ይዘራል? አሁንም ነጋዴው «የአቃቂ ነው» እያለ ዋጋ ይሰብርበታል።

ኬሚስቷ፦ አባትህን አልነካሁም!

የአቃቂ ልጅ፦ ማሳውን ነካሽ እኮ።

መረሬ፦ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ኬሚስቷ። የቆዳ ፋብሪካ ትልቁ ጣጣ ክሮሚየም የሚባለው ብረት ነው። ኢዲዲኤስ ያወጣዋል?

ኬሚስቷ፦ ክሮሚየም ላይ ደካማ ነው። የሚያይለው መዳብና ዚንክ ላይ ነው። ለእርሳስም ኢዲቲኤ ይበልጠዋል።

መረሬ፦ ይሄን ሰውየው ሬዲዮ ላይ ተናገረ?

ኬሚስቷ፦ ሰዓት አጥሮት ይሆናል።

መረሬ፦ «የሚበሰብስ»ን አራቴ ለማለት ግን በቅቶታል።

እትዬ ቄራ፦ ኮምጣጤውን ልተው ነው ታዲያ?