ዩኤስቢ የሌላቸው ትንንሽ ሮቦቶች ላይ ኮድ ለመጫን ምን ልግዛ? (ሀዋሳ)

ጠያቂ፦ የአቶቴዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ሰብስቤ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ሰሞኑን መስመር ተከትለው የሚሄዱ ስድስት ትንንሽ ሮቦቶች በስጦታ አገኘን። ውስጣቸው ያለው ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ አርዱዊኖ ፕሮ ሚኒ ነው። ችግሩ ዩኤስቢ የሚሰካበት ቦታ የለውም። እስከ ዛሬ የሠራነው ዩኤስቢ ባለው የአርዱዊኖ ቦርድ፣ በኡኖ ስለሆነ ኬብል ሰክቶ መጫን ብቻ ነው የለመድነው።

ፒያሳ አንድ ሱቅ ብጠይቅ ሻጩ «ፕሮግራመር ነው የሚያስፈልግሽ» ብሎ ዩኤስቢኤኤስፒ የሚባል፣ ቺፑ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ መሣሪያ አሳየኝ። ሌላው ደግሞ «ኮንቨርተር» አለኝ። የቱን ልግዛ? ገንዘቡ ከኪሴ ነው፤ ሁለቱንም ግዢ እንዳትሉኝ።

ሶልደር

ኮንቨርተሩን። ፕሮ ሚኒ እና ኡኖ ዋናው ቺፕ አንድ ነው፤ ኤቲሜጋ 328ፒ። ኡኖ ላይ ግን ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል (ዋናው ቺፕ ኮድ ወደሚቀበልበት መስመር) የሚቀይር ሌላ ቺፕ አለ። ፕሮ ሚኒን ለማሳነስ ሲሉ እሱን አወጡት። ስለዚህ የጎደለውን ከውጭ ማምጣት ነው።

ሱቅ ስትገቢ «ዩኤስቢ ቱ ቲቲኤል» በይ። ቺፑ ሲኤች 340 ይሁን ሲፒ 2102 ወይም ኤፍቲ 232 ብዙ ለውጥ የለውም። ዋናው ነገር ዲቲአር የሚል እግር (ፒን) ይኑረው። ኮዱ ሊጫን ሲል ቦርዱን ሪሴት የሚያደርገው፣ ማለትም እንደገና የሚያስነሳው እሱ ነው። አራት እግር ብቻ ያለው ርካሽ ኮንቨርተር ከገዛሽ፣ መጫን ሲጀምር የሪሴት ቁልፉን በጣትሽ መጫን አለብሽ። ትንሽ ከቀደምሽ ወይም ከዘገየሽ አለቀ፣ እንደገና። በስድስት ሮቦት ይሰለቻል።

ኤፍቲ 232 ከሆነ ግን ተመሳስሎ የተሠራ ብዙ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የዊንዶውስ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ መሣሪያውን እንዲያውቅ የሚያደርግ ሶፍትዌር) እነዚህን አስመሳዮች ኮምፒውተር እንዳያውቃቸው አድርጎ ነበር። እኔ ሲኤች 340 ይሻለኛል። ድራይቨሩን ብቻ ቀድመሽ ጫኚ።

ጋሽ ቴስተር

ልጄ፣ ከመግዛትሽ በፊት ቮልቱን እዪ። ፕሮ ሚኒ ሁለት ዓይነት ነው፤ 5 ቮልት በ16 ሜጋኸርዝ፣ 3.3 ቮልት በ8 ሜጋኸርዝ። በዓይን አይለዩም። ባትሪውን «ሮው» የሚለው እግር ላይ ስጪና ቪሲሲን (ቦርዱ የሚሠራበት ቮልት ያለበትን እግር) ከግራውንድ (ከኔጌቲቩ) ጋር በቴስተር ለኪ። የምታነቢው ቁጥር መልሱ ነው።

ቸል አትበዪው። ቺፑ ራሱ 5 ቮልት ይችላል፤ አብሮት የተበየደው ሴንሰር ወይም የሬዲዮ ሞጁል ግን ላይችል ይችላል። 3.3 ሆኖ 5 ከላክሽበት እነሱን ታቃጥያለሽ። ኮድ የምትጭኚበት ሶፍትዌር ላይም ትክክለኛውን ሜጋኸርዝ ምረጪ። ያለበለዚያ ጭራሽ አይጫንም፣ ወይም ተጭኖ ሰዓቱ ይዛባል። ኮንቨርተርሽ 5 እና 3.3 የሚቀያየርበት ጃምፐር (ተነቅሎ የሚሰካ ትንሽ ማገናኛ) ካለው እሰየው።

ገና ተማሪ

መምህር፣ ኮንቨርተሩ እስኪገኝ ያለዎት ኡኖ ይሠራል። ትልቁ ቺፕ በሶኬት የተሰካ ዓይነት ከሆነ ቀስ አድርገው ያውጡት። ከዚያ ከኡኖው ወደ ፕሮ ሚኒ 5 ቮልት፣ ግራውንድ እና ሪሴት ያገናኙ። አርኤክስ (መቀበያው) ከአርኤክስ፣ ቲኤክስ (መላኪያው) ከቲኤክስ። በኮንቨርተር ሲሆን ይጠላለፋል፤ እዚህ ግን አይጠላለፍም፣ ምክንያቱም ኡኖው ላይ የተጻፈው በወጣው ቺፕ በኩል ታይቶ ነው። ቦርድ ሲመርጡ ፕሮ ሚኒን ይምረጡ። ለ5 ቮልቱ ብቻ ነው ታዲያ።

ሶልደር

ልክ ነህ። ግን ቺፑን ልጆቹ እንዳይነቅሉት፤ እግሩ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ለአንድ ቅዳሜ ጥሩ ነው፣ ለዘለቄታው ኮንቨርተሩ ይገዛ።

የሲግናል ሰው

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ሀርቫርድ የተሠሩት ኪሎቦት የሚባሉ ትንንሽ ሮቦቶች 33 ሚሊሜትር የሚሆኑ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳዩት ሥራ 1024 ሆነው ቅርጽ ይሠሩ ነበር። ኮድ የሚጫንባቸው ከላይ በተሰቀለ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ነው፤ ለሁሉም በአንዴ። አንድ በአንድ ኬብል ቢሰካባቸው ማን ይጨርሰዋል!

የአቶቴዋ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ፣ ሁሉም 5 ቮልት ናቸው። በኡኖው ሞከርነው፤ አምስቱ ላይ ተጫነ፣ ልጆቹ ጨፈሩ። አንዷ ግን «ኖት ኢን ሲንክ» (አልተግባባንም) እያለች እምቢ አለች። ብሉቱዝ ያለባት እሷ ብቻ ነች። ተበላሽታ ይሆን?

ሶልደር

ብሉቱዙን ንቀዪው! ኤችሲ 05 የሚባለው የብሉቱዝ ሞጁል ብዙ ጊዜ የሚሰካው ያንኑ አርኤክስና ቲኤክስ ላይ ነው። ኮዱ በሚያልፍበት መስመር እሱም እያወራ ነው። የሞተር ባትሪውንም አጥፊ፤ ኮድ እየገባ ሞተር አይዙር።

ከዚያም በኋላ እምቢ ካለች ቡትሎደሯ (ቺፑ ውስጥ ሆኖ ኮድ የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ነው የፒያሳው ሻጭ ዩኤስቢኤኤስፒ የሚያስፈልገው። እሱንም ቢሆን አትግዢ። ቺፑን ወደ ኡኖው መልሺና ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣውን «አርዱዊኖ አይኤስፒ» ምሳሌ ኡኖው ላይ ጫኚ። ከዚያ የኡኖውን 10 ወደ ፕሮ ሚኒ ሪሴት፣ 11ን ወደ 11፣ 12ን ወደ 12፣ 13ን ወደ 13፣ 5 ቮልትና ግራውንድ። 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኡኖው ሪሴትና ግራውንድ መካከል አድርጊ፤ ፖዘቲቩ ወደ ሪሴት። ከዚያ ሶፍትዌሩ ላይ «በርን ቡትሎደር» የሚለውን ምረጪ።

የአቶቴዋ መምህርት

ብሉቱዙ ነው! ነቀልነው፣ ወዲያው ተጫነ። ኮንቨርተሩን ከመርካቶ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ባለ ዲቲአር፣ ባለ ጃምፐር ብዬ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ሲመጣ ስድስቱን እግር ቀጥ አድርጌ ልሰካው?

ጋሽ ቴስተር

ሳታነቢ እንዳትሰኪ። ከቻይና የሚመጡት ፕሮ ሚኒዎች አንዳንዶቹ የእግሮቹ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ተከትለሽ ዲቲአርን ከዲቲአር አግጥሚ፣ ግራውንዱንም በቴስተር አረጋግጪ። ካልገጠመ በሽቦ አንድ በአንድ አገናኚ።