የጥናት ርዕሴን ልቀይር ወይስ ልግፋበት?

እንደምን ናችሁ? ደሴ ነው ያለሁት። በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው፤ ርዕሴ የሕፃናት ኦቲዝም። እንጀራዬም እሱ እንዲሆን ነው ምኞቴ። አሁን ግን ተቸክዬ ቀርቻለሁ።

የያዝኩት መጠይቅ የተሻሻለው ኤም-ቻት (M-CHAT-R) ነው። 20 ጥያቄ አለው። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተሠራ የመጀመሪያ መለያ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። እዚህ ግን ብዙዎቹ ልጆች የሚመጡልኝ አምስት ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። «አፉን እስኪፈታ ጠብቀን» ይላሉ።

የባሰው ደግሞ የዓይን ጉዳይ ነው። ባለፈው ሸዋ በር አካባቢ የሁለት ዓመት ልጅ እናት «ስታናግሪው ዓይንሽን ያያል?» አልኳት። ቡናዋን እየቆላች ሳቀች።

«ኧረ ልጄ ጨዋ ነው! ትልቅ ሰው ቀና ብሎ አያይም።»

ልጁ ጥግ ይዞ የጀበናውን ማቶት ያሽከረክራል። ስሙን ሦስቴ ጠራችው፤ ዞር አላለም። «አዎ» ልጻፍ «አይ»? እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ።

አማካሪዬ «ቀለል ያለ ርዕስ ያዝ» ብለውኛል። አንጀቴ እምቢ አለ።

የዓይኑን ጥያቄ በአማርኛ እንዴት ብላችሁ ነው የጠየቃችሁት? ከ30 ወር ላለፉትስ በምን ለያችሁ? በተለይ አዲስ አበባ፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። «አብሽር» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ።